ነነዌን ረስቼ ያወጣሁት የዕረፍት ዕቅድ

«ፈቀዱልኝ! ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እናንተ ጋ ነኝ። እሑድ ገብቼ ዓርብ ጠዋት እመለሳለሁ» አለችኝ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ። የእማዬን ሞባይል እንደያዝኩ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ስልኬን ትጥይውና ወዮልሽ!» አለች። አልጣልኩትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን መቀመጥ የሚባል ነገር አቃተኝ።

የአጎቴ ልጅና እኔ እኩያ ነን። ከአራት ዓመት በፊት እነሱ ቤት ሄጄ ነበር። ሊፍት ውስጥ አስገብታኝ፣ ፊቴን አይታ ስትስቅብኝ ከረመች። ያኔ «እናንተስ አገር ምን አለ?» አለችኝ። «ጮቄ ተራራ አለ» አልኳት ኮራ ብዬ። «ወጥተሽው ታውቂያለሽ?» ወሬ ቀየርኩባት። ይኸው እስከ ዛሬ ወሬ እንደቀየርኩ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ከትምህርት ቤታችን ፎቅ ላይ ተራራውን በየቀኑ እያየሁ፣ አንድ ቀን እግሬ አልረገጠውም። በጠየቅሁ ቁጥር መልሱ «ከማን ጋር?» ነው። አሁን ሰው ተገኘ። ይህ ዕረፍት ካለፈ ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ፈተና አለብን፣ ከደብተር ቀና የሚያደርገን የለም። ስለዚህ ወይ አሁን ነው ወይ የለም።

ዕቅዱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ሁሉም ተራራ ብቻ ነበር። እማዬ፣ «ልጅቱ ለድንጋይ ነው እንዴ የምትመጣው? ከተማችንንም ትይ እንጂ!» አለች። ሁለተኛው ከተማ ብቻ ሆነ፣ ራሴ ቀደድኩት። ሦስተኛው ላይ ግን ሁለቱን አስታረቅኋቸው። ሰኞ አሮጌው ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ ኬክ ቤት። ማክሰኞ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ ወደ ማታ ባህል አዳራሽ የማሲንቆና የእስክስታ ዝግጅት። ረቡዕ ጮቄ! ረቡዕን የመረጥኩት በተራራው ሥር ያለችው ከተማ ረቡዕ ገበያ ስለሆነች ነው። ስሟ እንደሚለው ገበያዋ ረቡዕ ነው፣ መኪናም እንደ ልብ የሚወጣው ያን ቀን ነው። በጠዋት ወጥተን፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ቁጭ ብለን ድንችና ዳቦ በልተን፣ ማታ ቤት። በሦስት ቀለም እስክርቢቶ ጻፍኩና ለአባባ ሰጠሁ።

አባባ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው፣ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እንደ ማመልከቻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡት ጀመር።

«ሰኞ። ኬክ ቤት።» ቀና አሉ። «ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«የማን ልጅ?»

«የእርስዎ።»

«እንጃ! የእኔ ልጅ ብትሆን ሰኞ ነነዌ እንደሚገባ ታውቅ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ነው፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚቀያየር በስሌት ነው የሚታወቀው። ያንን ስሌት ለደብሩ የሚያወጡት ደግሞ አባባ ናቸው! ተማሪዎቻቸው ከመስኮቴ ሥር ቀኑን ሙሉ አበቅቴና መጥቅዕ እያሉ ያንኑ ስሌት ሲያሰሉ እየሰማሁ ነው የቤት ሥራ የምሠራው። እማዬማ ሆዷን ይዛ፣ «እዚህ ቤት ድመቷ እንኳን ነነዌ መቼ እንደሚገባ ታውቃለች!» አለች።

ኬኩ ሄደ። በጾም ዝግጅት ስለሌለ ማሲንቆውም ሄደ። ረቡዕ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀመስ ዳገት ሊወጣ ነው። ወደ ሐሙስ እንዳላዞረው ሐሙስ ወደ ላይ የሚሄድ መኪና የለም፣ ዓርብ ንጋት ላይ ደግሞ የእሷ አውቶቡስ ነው።

ደወልኩላት። «ሦስት ቀን? እስከ ዘጠኝ ሰዓት?» ብላ ጮኸች። «እኔ ማርቆስ የምመጣው ልራብ ነው እንዴ?»

«እዚያም ሆነሽ እኮ ነነዌ ነው!»

«እዚህ ማን ያየኛል?»

ተሳሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ፣ «ተራራውስ?» አለችኝ። «አባባን ልጠይቅ» ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህሩ ሁለቴ «እዛ ጋ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?» አሉኝ። ከትምህርት ቤት በሩጫ ገባሁና አባባ ተማሪዎቻቸውን እስኪያሰናብቱ በራፉ ላይ ተንቆራጠጥኩ።

«አባባ፣ በጾም ተራራ ይወጣል?»

«እኛ ተማሪ ሳለን ጮቄን ስንሻገር ቁርስ ማን ያበላን ነበር?» አሉ። ልቤ ዘለለ። «ግን ያቺ ልጅ አልለመደችውም። ዳገት ላይ ብትዝልብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በዓል እንደሚያወጡ ሁሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ጣታቸውን እያጠፉ ቆዩ፣ ከዚያ የእኔን ባለ ሦስት ቀለም ጽሑፍ ሰርዘው በቀይ እስክርቢቶ ጻፉ። «ረቡዕ በገበያ መኪና ወጥቶ እዚያው ረቡዕ ገበያ እህቴ ቤት ማደር። ሐሙስ ጾሙ ሲፈታ፣ በልቶ፣ በማለዳ ተራራ። ከሰዓት ድንች ከጫነ አይሱዙ ጋር መመለስ።»

ማደር! ከቤት ውጭ ማደርን እንኳን ልጽፈው፣ ላስበውም አልደፈርኩም ነበር።

«ማደር ነው ያሉት፣ አባባ?»

«ማንበብም ተውሽ?»

እማዬ ከወዲያ፣ «እርስዎ ነዎት የሚያበላሿት!» አለች። ግን ጋቢ ፍለጋ ሣጥን ስትከፍት ሰማኋት።

አባባ አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፣ እንግዳችንም ሦስቱን ቀን ትጹም። እሷም «ለጮቄ ስል!» ብላ ተስማማች። ኬኩ ወደ እሑድ ተዛወረ፣ ከመናኸሪያ በቀጥታ። በማሲንቆው ፈንታ ማክሰኞ የአባባ ተማሪዎች ቅኔ ሲቀኙ እንሰማለን። «በቃላቸው እዚያው የሚፈጥሩት ነው» ስላት «እንደ ራፕ?» አለችኝ። ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሸራ ጫማዬን አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና አጠብኩት። ቦርሳዬን አራት ጊዜ ፈታሁ። ይህን የምጽፈውም ቆሜ ነው።

ትናንት ደግሞ ረቡዕ ገበያ ያለችው አክስቴ ደወለች። «ሁለት ብቻ ናችሁ? እኔ ለሁለት ሰው ብዬ ገንፎ አላገነፋም። የሚመጣ ካለ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። እኔም ይኸው ጥሪዋን ይህን ለምታነቡ የማርቆስ ልጆች አስተላልፌያለሁ። ከማን ጋር እንደምትሄዱ ጨንቋችሁ ጮቄን ከሩቅ ብቻ የምታዩ ካላችሁ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ እንገናኝ። ወፍራም ልብስ ያዙ፣ ላዩ ብርድ ነው ይላሉ። እኔ አላየሁትም፣ አብረን እናየዋለን።