የተራራ አበባ እስከ ሰባት ቤት

ረሆቮት ከተማ ውስጥ እሠራበት የነበረው ላብራቶሪ ሥራው የአበባ ዘር መቁጠር ነበር። እንዲህ ስል ኃላፊዬ ትስቅብኛለች፤ እሷ ለሥራው ረጅም ስም አላት፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ከስሜን ተራሮች፣ ከባሌ፣ ከቱርክና ከአውሮፓ ተራሮች የተለቀመ አንድ ዓይነት ቅጠል ደርቆ በትንንሽ ከረጢት ይመጣልናል። ነጭ አበባ ያለው፣ በብርዱ አገር ድንጋይ ሥር የሚበቅል ትንሽ ተክል ነው። እኔ ቅጠሉን እፈጫለሁ፣ ዲኤንኤውን አወጣለሁ፤ ማሽኑ ያነበዋል። ከዚያ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ እያየን የትውልዱን ሐረግ እንሥላለን።

ሥራዬን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የገባቸው አባቴ ናቸው፤ እሳቸውም ዘር ቆጣሪ ነበሩና። ከአገር ቤት በመጣነው በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አንድ የጋራ ሰው ከተገኘ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ከቂርያት ዔቅሮን እስከ መዝከረት ባትያ ሠርግ ያሰበ ሁሉ አባቴ ዘንድ ይመጣል። እሳቸው «ይዛመዳሉ» ካሉ ሙሽራዋ ብታለቅስም አይመለሱም። እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ የራሴን ዘር አስጠንተውኛል። ሰባተኛው አንድ እጁን እሳት የበላው ቀጥቃጭ ነው። ልጅ ሆኜ ከሁሉም የምወደው እሱን ስለነበር እሱ ላይ ለመድረስ ሌሎቹን በሩጫ አልፋቸው ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን የሥራችንን ውጤት ነገርኳቸው።

«የስሜኑ አበባ ከወደ ቱርክ በኩል የመጣ ይመስላል፤ ያውም በአንድ ጊዜ አይደለም። አንዱ ወገን ቀድሞ፣ ሌላው ከብዙ ዘመን በኋላ።»

«እንደኛው ነዋ!» ብለው ሣቁ። «ታዲያ ቀድሞ የመጣው የኋለኛውን ይንቀዋል?»

ቀልዱ ቆነጠጠኝ። የወደድኩት ልጅ ቤተሰብ ከእኛ ብዙ ዓመት ዘግይቶ፣ ተራ በተራ የመጣ ነበር። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ስለነሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። አባቴ ያንን ጉዳዬ አላሉትም፤ የሚያሳስባቸው ቆጠራው ብቻ ነበር። እሱም ለእሑድ ተቀጥሯል።

«እማዕባዳችሁ ስትቆጥሩ የት ላይ ነው የምታቆሙት?» አሉኝ፤ ላብራቶሪውን ማለታቸው ነው።

«ወደ ላይ ከሄዱ እኮ ሁሉም ይገናኛል፣ አባባ። ቅጠሉ መናገር ሲያቆም እኛም እናቆማለን።»

ጺማቸውን አሻሹ።

እሑድ ቂርያት ዔቅሮን ልጁ ቤት ሄድን። ፈርቼ ነበር። ያለሱ ሌላ ሰው እንደማላገባ አውቃለሁ፤ የአባቴን ቃል ረግጬ እንደማላገባም አውቃለሁ። በሱ ወገን የሚቆጥሩት ሴት አያቱ ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን በስሙና በአገሩ ጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ፣ «ቀጥቃጩ፣ እጁን እሳት የበላው» አሉና ስሙን ጨመሩ። ያው የኛው ስም፣ ያው የኛው መንደር።

ላብራቶሪ ውስጥ ብሆን ኖሮ በዚያ ርቀት ያለ ዝምድና ከቁጥር አይገባም ብዬ እሟገት ነበር። እዚያ ሳሎን ውስጥ ማን ይሰማኛል! ልጁ ምንም ሳያውቅ ፈገግ ብሎ ያየኛል፤ ልቤ ሊሰበር ደረሰ።

ተራው የአባቴ ሆነ። ከኔ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ቆሙ። ወለሉን አዩ።

«ከዚህ በላይ ጠፋኝ» አሉ።

የሰውን ሁሉ ዘር የሚያስታውሱት አባቴ! የልጁ አያት ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለርስዎ ጠፋዎት?»

«እርጅና ነው፣ እማማ። ቅጠሉ አልናገርም አለኝ።»

ከኔ በቀር ማንም ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም። አሮጊቷ አባቴን ትንሽ አዩዋቸውና፣ «ቤሰደር፣ እሺ፣ ከርስዎ በላይ ማን ያውቃል» አሉ። «ያላ፣ በሉ፣ ምሳ ይቅረብ።»

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጠይቃቸው ፈለግሁና ተውኩት፤ እጃቸውን ብቻ ያዝኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር በቤታችን አልተለመደም። እጃቸውን ሳያስለቅቁ «መስኮቱን ዝጊው፣ ነፋስ ገባ» አሉኝ።

ዛሬ ዘር ቆጠራውን ለልጄ የሚያስጠኗት እሳቸው ናቸው። በቅርቡ በኔ በኩል ያለውን እየተንተባተበች ስትወጣ፣ ያን ቀን አባቴ የቆሙበት ሰው ላይ ደረሰች።

«ከሱ በላይስ ማነው፣ አያ?» አለቻቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

«ከዚያ በላይ ያለውን» አሉ፣ «እናትሽ ታውቀዋለች።»