የእናቴን ካሴት ፍለጋ አጋሮ ድረስ

ጅማ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል

"ካሴቱን ሳትይዝ እንዳትመጣ!" አለችኝ እናቴ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ። እናቴ በወጣትነቷ አጋሮ ውስጥ የሠራተኞች ኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበረች። አግብታ ዘፋኝነቱን ከተወች ወዲህ የተቀዳ ድምፅዋን አንድ ቀን እንኳ ሰምታው አታውቅም። እኔ የታሪክ ተመራማሪ ልጇ ባለፈው ወር አቧራ የጠጣ ፋይል ሳገላብጥ፣ የቡድኑ ካሴት አጋሮ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ገቢ መደረጉን የሚገልጽ ደብዳቤ አገኘሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ብጠራ ነገ በሩን ይዘጉብኛልና አልጠራውም።

መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሰው ይጠቀጥቃል። ከጆሮዬ አጠገብ ያለው ስፒከር ይጮሃል።

"ዘፈኑን ቀንስልኝ፣ እያነበብኩ ነው።"

"አቦ ጋሼ፣ ሰው እንዳያንቀላፋ ነው!" አለ ሹፌሩ፤ ጭራሽ ጨመረው።

ይቡ፣ 1 ሰዓት ተኩል

መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ግራና ቀኙ ግን ያምራል፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና፣ የሚያገላብጡት ሴቶች፣ ጭቃ የለበሱ የጭነት መኪናዎች። ትኩስ ጮርናቄ በሻይ በላሁ። ከዋጋው ይልቅ መጠኑ አናደደኝ፤ አንድ ጉርሻ አይሞላም።

አጋሮ፣ 3 ሰዓት

"የትብብር ደብዳቤዎ ማህተም የለውም" አለችኝ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ። ማህተሙን አሳየኋት። "ክብ ነው፣ የእኛ መሥሪያ ቤት የሚፈልገው..." ስትል ድምፄን ከፍ አደረግኩ። መጮህ አልወድም፤ ግን ሠራልኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ኦቦ ነዚፍ ቁልፍ ይዘው መጡ።

"ና ልጄ፣ አትቆጣ። ኢንሻአላህ ይገኛል።"

ተገኘም። ከተሰበረ ወንበርና ከአሮጌ ባነር ሥር፣ ጀርባው ላይ "ኪነት" ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ካሴት። ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከላይ የምትሰበረዋ ጥርስ ተሰብራለች፤ አንድ አስተዋይ ሰው ሊጠብቀው ፈልጎ ነበር ማለት ነው። ቀዳዳዋ ላይ ግን ሌላ ሰው ወረቀት ጠቅጥቆበታል።

ኦቦ ነዚፍ አሮጌ ቴፕ አምጥተው ሰኩና ካሴቱን ከተቱ። ጭብጨባ ተሰማ። ለእናቴ መስሎኝ ወደ ቴፑ ተጠጋሁ። ከዚያ አንድ ሰውዬ አሳለና "ወደ ሁለተኛው አጀንዳ እንለፍ" አለ። ገለበጥነው፤ ያም በኩል ስብሰባ። እስከ መጨረሻው ስብሰባ! ለካ ቀዳዳዋን የደፈኑት ዘፈኑ ላይ ሊቀዱበት ኖሯል።

"የሰላሳ ብር ካሴት አጥተው ነው?" ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩ።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም" አሉ ሽማግሌው። እሳቸው ላይ በመጮሄ አፈርኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ጅማ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

እናቴ ልጄን ፌቨንን አጠገቧ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። ባዶ እጄን አየች። ጫማዬን ሳላወልቅ ስድብ ጀመርኩ፤ ደንቆሮዎች፣ ግዴለሾች፣ የሰው ዕድሜ በስብሰባ የሚደመስሱ! በጋዜጣ እንደማወጣባቸው ዛትኩ።

"ጨረስክ?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ድምፅሽን እኮ ነው ያጠፉት!"

"እነሱ አንድ ጊዜ ነው ያጠፉት። ጓዳ ሳንጎራጉር 'እማዬ እያነበብኩ ነው' እያልክ ስንት ዓመት ዝም ያሰኘኸኝ አንተ አይደለህም እንዴ? የሰው አገር ሽማግሌ ሁሉ ስትቀዳ እኔን አንድ ቀን ጠየቅከኝ?"

የገዛ ራሴን ጆሮ መንቀል አማረኝ። ስልኬን አውጥቼ መቅጃውን ስከፍት እጄን ያዘችኝ።

"አስቀምጠው። መጀመሪያ ስማኝ።"

ስልኩን ደፍቼ ከፌቨን ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ መዝፈን ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ አላቆመችም።