የሐጂ ዋርሳሜ መብራትና የጀማሉዲን ቴስተር

ፈጣሪ ፀሐይን ለሁሉ እኩል አወጣ። ሀርጌሳ ከጦርነት ፍርስራሽ በምትነሣበት ዘመን ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን የባለ ጄኔሬተሮች ነበር። የእኛን ሰፈር የሚያበሩት ሐጂ ዋርሳሜ ነበሩ፤ በስደት ዘመናቸው ጅጅጋ ተቀምጠው አማርኛ የለመዱ፣ የተከበሩ ሰው። ናፍጣ ለመቆጠብ ሞተራቸውን በዝግታ ስለሚያዞሩት አምፖሎቻችን የበሰለ ብርቱካን ይመስሉ ነበር። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ የሐጂን መብራት ማማት በማዕዳቸው ተቀምጦ እንደ መስደብ ይቆጠር ነበርና።

ጀማሉዲን የደሴ ሰው ነው። በዋሄን ገበያ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል፤ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፣ የዕቃውን የውስጥ ቦርድ ከመክሰስ በፊት የሚደርሰውን ቮልት መለካት እንደሚገባ ይሰብካል። የሐጂን ልጅ ሂባቅን ለጋብቻ ጠየቀ። ነገሩም ጅዳ በሚኖሩት በታላቅ አጎቷ በአቦኮር ፈቃድ ላይ ቆመ። አቦኮር የሚደውሉት በመብራት በሚሠራው በሐጂ ሽቦ አልባ ስልክ ነው፤ «የልጅቷን ጉዳይ በተመለከተ» ባሉ ቁጥር ስልኩ ይሞታል።

ጀማሉዲን ስልኩን ወደ ሱቁ ወሰደው። በዋሄን፣ በሌላ ሰው ጄኔሬተር፣ ያለ እንከን ተናገረ። ወደ ሐጂ ቤት ሲመለስ ዳግመኛ ዲዳ ሆነ። ጀማሉዲን አንቴናውን ከሰሰ፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ከሰሰ፤ ወደ አየር ማረፊያው የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ሳይቀር ከሰሰ። መለኪያውን፣ ማለት ቴስተሩን፣ ግን ከቦርሳው አላወጣም። የወደፊት አማቱን መብራት መለካት እርሳቸውን መመርመር መስሎ ታየው።

አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ ሂባቅ አባቷ በተቀመጡበት ቴስተሩን ራሷ አውጥታ ጀማሉዲን ፊት አኖረችው።

«ሌላ ቤት አስቀድመህ የምታደርገውን እዚህ ምነው ፈራኸው? ወይስ ጥርሳችን እስኪረግፍ እንጠብቅ?»

ቢስሚላህ ብሎ የስልኩን ቦርድ ለካ። አምስት ቮልት ሊገኝ በሚገባበት ቦታ አራት እንኳ አልሞላም። የግድግዳውን መብራት ለካ፤ እርሱም ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነበር።

«ሐጂ፣ ቦርዱ ጤነኛ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የሚደርሰው ኃይል ነው ያነሰው።»

«መብራቴን ትሰድባለህ?»

«አልሰደብኩም። ለካሁ እንጂ።»

ሐጂ ተነሥተው ወጡ። ልጃቸውን የከለከሉት መስሎት ጀማሉዲን ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፤ አምፖሉ ነጣ፤ ጎረቤቶች ባለሥልጣን የመጣ መስሏቸው ወደ ደጅ ወጡ። ሐጂ ተመልሰው ጅዳ ደወሉ። የአቦኮርም ድምፅ እንደ ደወል ጠራ፤

«በየጊዜው ‹ይሁን፣ ፈቅጃለሁ› እያልኩ ነው እኮ! የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።»

ሐጂ አልሃምዱሊላህ ብለው የጀማሉዲንን እጅ ጨበጡ። ምርቃቱ እንዳበቃም ወደ ሞተሩ ሄዱ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ አምፖሉም ወደ ብርቱካንነቱ ተመለሰ። ሐጂ ተቀምጠው መብራቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ።

አዲሱ አማች ቴስተሩን ወደ ቦርሳው እየከተተ፣ ዓይን የማይወጋ፣ እጅግ ደስ የሚል ብርሃን መሆኑን መሰከረ።