የተለጠጡት ሊቀመንበር

ማንያህልሻል ኮሎምበስ አጠገብ ግሮቭፖርት በሚገኝ አንድ መጋዘን ውስጥ ሌብል ትቆጣጠራለች። ካርቶን ላይ የተለጠፈ ወረቀት ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ነቅላ መልሳ ትለጥፈዋለች። አዲስ አበባ ሳለች የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ዲቪ ደርሷት ኮሎምበስ ከገባች አሥር ዓመት ሆኗታል። ሰው ቤት ገብታ ግድግዳ ላይ የተጣመመ ፎቶ ካየች፣ ባለቤቶቹ ዞር እስኪሉ ጠብቃ የምታቃና ሴት ናት።

በ2021 ሰመር ላይ የእድራቸው ነገር አላስችል አላት። ወረርሽኙ ስብሰባውን ዙም ላይ ስላወጣው፣ ጥሪው ሁሉ ቫይበር ላይ በሚለቀቅ ፍላየር ሆኖ ነበር። ሊቀመንበሩ ጋሼ ዳኛቸው ቢጫ ይለቃሉ፤ ጸሐፊው ተፈሪ ሰማያዊ። የእድሩ ስም አንዴ «ኅብረት» አንዴ «ህብረት» ተብሎ ይጻፋል። ሎጎው ሁለት የተጨባበጡ እጆች ነው፤ ጋሼ ዳኛቸው ዘንድ ሲደርስ ግን «ይድመቅ» ተብሎ ወደ ጎን ስለሚሳብ፣ እጆቹ ሁለት የተጋደሙ አዞዎች ይመስላሉ።

አንድ ቀን እትዬ ላቀች የተባሉ የእድሩ አዛውንት ደወሉላት።

«ማንዬ፣ የቢጫውን እድር ስብሰባ ገብቼ ወጣሁ። የሰማያዊው መቼ ነው?»

«እትዬ፣ አንድ እድር ነውኮ!»

«አትዪኝ! እኔ ሁለቱም ጋ ተመዝግቤያለሁ። ቀባሪ አይበዛም ብዬ።»

ማንያህልሻል የዚያኑ ዕለት ላፕቶፗን ከፈተች። አንድ አረንጓዴ መረጠችና ሁሌ ያው ቀለም እንዲወጣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈች። ለፊደሉ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ያዘች። ወርድ ላይ የደብዳቤ፣ ፓወርፖይንት ላይ የስብሰባ፣ ካንቫ ላይ የፍላየር ቴምፕሌት ሠራች፤ ርእስና ቀን ከመቀየር በቀር ሰው ሌላ ነገር እንዳይነካ አደራ ብላ ለኮሚቴው ላከች። ልጇ ሔራን በትከሻዋ ላይ አሻግራ አየችና «ማም፣ ዲስ ሉክስ ሪል» አለች፤ የእውነት ድርጅት ይመስላል ማለቷ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አፍ ይህ ሽልማት ነው።

ኮሚቴው አመሰገነ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ዳኛቸው አዲስ ፍላየር ለቀቁ። ፎንቱ ሌላ፤ ጥግ ላይ ጽጌረዳ፤ አዞዎቹም እንዳሉ።

ደወለችላቸው። «ጋሼ፣ ቴምፕሌቱ አልከፈት አለዎ?»

«ኧረ ተከፍቷል። ግን ልጄ፣ ፈዘዘብኝ። ሎጎውን ሳብ ሳደርገው ግርማ ሞገስ አገኘ።»

«ግርማ ሞገስ» አለች ማንያህልሻል ቀስ ብላ፤ ስልኩንም በትሕትና ዘጋች።

ለመስከረሙ ጠቅላላ ጉባኤ የኮሚቴው ፎቶ ያለበት ፍላየር መውጣት ነበረበት። ጋሼ ዳኛቸው ቀጭን፣ ፊታቸው ሾል ያለ፣ በክራባት አስተሳሰራቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው። ማንያህልሻል የፎቷቸውን ጎን ይዛ፣ ልክ እሳቸው ሎጎውን በሳቡት መጠን ሳበችው። ጉንጫቸው ተነፋ፤ ክራባቱ የገበታ ጨርቅ አከለ። «ረቂቅ ነው፣ አስተያየትዎን» ብላ ለእሳቸው ብቻ ላከች።

ስልኳ ወዲያው ጮኸ።

«ማንያህልሻል! ምን አደረግሽኝ?»

«ምነው ጋሼ?»

«ፊቴ ነዋ! ድፎ ዳቦ አስመሰልሽኝ!»

«ፈዘው ታዩኝ። ሳብ ሳደርግዎ ግርማ ሞገስ አገኙ።»

ከኋላቸው ባለቤታቸው እትዬ ዓለምወርቅ «ሠላሳ ዓመት ስቀልብህ ያልወፈርከውን፣ እሷ በአንድ ቀን!» እያሉ ሲንከተከቱ ይሰማል። ጋሼ ዳኛቸው ሊቆጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሳቁ ቀደማቸው።

«ስምሽን ያወጣልሽ ሰው አውቆ ነው፤ ማን ያህልሻል!» አሉ። «እሺ፣ ሎጎው የቱ ጋ ነው የሚያዘው?»

«ማዕዘኑን ይያዙ ጋሼ። ያኔ ቁመቱም ወርዱም አብሮ ያድጋል።»

ከዚያ ወዲያ ችግሩ ተገለበጠ። ጋሼ ዳኛቸው ከእሷ ብሰው ቁጭ አሉ። ተፈሪ አንዴ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቢጠቀም፣ ለምሳ እረፍቱ በወጣበት ደውለው ምሳውን አስረሱት። እትዬ ላቀች በበኩላቸው «የሰማያዊው እድር ፈረሰ እንዴ? ደግ ሰዎች ነበሩ» እያሉ ያዝኑ ነበር።

በ2022 ሔራን ሃይስኩል ስትጨርስ፣ ኢስትሙር ሰፈር ባለው ቤታቸው ጓሮ ድግስ ተደገሰ። ጋሼ ዳኛቸው ኬኩ ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩና ማንያህልሻልን በጣት ጠሯት።

«ልጄ፣ ስሟ በአንድ ፎንት፣ "እንኳን ደስ አለሽ" በሌላ ፎንት ነው የተጻፈው» አሉ በሹክሹክታ። «ቢላዋ አምጪ፤ ሰው ሳያይ እንቁረሰው።»

እሷም ከጠዋት ጀምሮ ስታየው ነበርና፣ ሮጣ አመጣች።