የእትዬ ሙሉሐረግ ናሙና

መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ከእህል ደላላው ከጋሽ ሙሐመድኑር ጋር ሻይ የጠጣ ሁሉ «ናሙና» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ሳይሰማ አይነሳም። እሳቸው በወጣትነታቸው ደረሳ ሳሉ ከሸሃቸው የሰሙት ነው። ቃሉ የፋርሶች ነው፤ «ማሳየት» ከሚለው ግስ ወጥቶ፣ በዐረብ ነጋዴዎች አፍ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። «ስለዚህ ናሙና ማለት የሚያሳይ ነው» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «ካላሳየ እፍኝ እህል ነው እንጂ ናሙና አይደለም።» ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ተናግረዋል። ሰሚው ሲሰለች እሳቸው አልሰለቹም።

እንጀራቸውም ይኸው ቃል ነው። ገበሬው እፍኝ እህል በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣል፤ እሳቸው ለገዢ ያሳያሉ፤ ገዢው ከወደደ ጆንያው ይመጣል። ጆንያውና ቋጠሮው ካልገጠሙ ያ ገበሬ አታላይ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ እህሉን ዞር ብሎ የሚያይለት የለም።

ባለፈው ጥር ከገጠር የመጡት ባልቴት እትዬ ሙሉሐረግ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቋጥረው ያመጡት ስንዴ ዐይን የሚማርክ ነበር። ጆንያዎቹ ሲፈቱ ግን እንክርዳድና ጠጠር ሞልቶባቸዋል። ዳቦ ቤት ያለው አሳምነው በገበያው መሃል «አታላይ!» ብሎ ጮኸባቸው። ሰው ተሰበሰበ።

ሴትዮዋ ማተባቸውን ጨብጠው ወደ ደላላው ዞሩ።

«ጋሽ ሙሐመድኑር፣ በአላህ! እርስዎን ለሚያህል ሰው ያልተለቀመ እህል ይዤ ልቅረብ? ነውር አይደለም እንዴ? ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኩት እንጂ ምን አጠፋሁ?»

ከተሰበሰበው ሰው የሳቀ አለ። ጋሽ ሙሐመድኑር አልሳቁም፤ አፈሩ። የቃሉን ትርጉም ላልጠየቃቸው ሁሉ ሲያወሩ ኖረው፣ ማወቅ ለሚያስፈልጋቸው ለእኚህ ሴት አንድ ቀን አልነገሩም።

«በሉ፣ አሁን ከዚሁ ጆንያ ዘግነው ለአሳምነው ያሳዩት» አሉ።

እትዬ ሙሉሐረግ ዘገኑ። መዳፋቸውን ሊዘረጉ ሲሉ የሌላው እጃቸው ጣቶች እንክርዳዱን መልቀም ጀመሩ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እሳቸው ራሳቸው ሳያውቁት። ሳቁ ቆመ።

ጋሽ ሙሐመድኑር እጃቸውን ያዙ። «ይተዉት እትዬ፤ እንዳለ ይየው።»

አሳምነው መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለ። እንክርዳዱን አየ፣ የሴትዮዋንም ጣቶች አየ።

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ» አለ። ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረ። «ጫኑት፤ የቀረውን እኛ እንለቅመዋለን።»