ሞጣን ልረታ የሄድኩበት ሰኔ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ በረንዳዬ ላይ ያሰጣሁትን ጋቢ ድንገተኛ ዝናብ መታብኝና ወደ ውስጥ አስገብቼ ወንበር ላይ ስዘረጋው ያ እርጥብ የጥጥ ሽታ ቤቱን ሞላው። የከተማ ፕላን ባለሙያ የሆነችው ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ለስብሰባ የምታቀርበውን ጽሑፍ ታሰናዳ ነበር። «እማዬ፣ አንድን ከተማ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው የሚያሰኘው ምን ይመስልሻል?» አለችኝ ቀና ሳትል። ሽታውና ጥያቄው አንድ ላይ ሲመጡብኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይህንኑ ጥያቄ ቢቸና ላይ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ተጠይቄ፣ መልሴን ይዤ ሞጣ ድረስ ዘምቼበት ነበርና።

ያኔ የጠየቁን ከድሬዳዋ ተመድበው የመጡት መምህራችን ጋሽ ዳንኤል ናቸው፤ ለቢቸና ብርድ ያልተፈጠሩ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ጆሯቸው በፎጣ ተጠቅልለው የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። «ታላቅ ከተማ የሚባለው ምን ያለው ነው?» ሲሉን ክፍሉ ተንጫጫ፤ አንዱ መብራት አለ፣ ሌላው አስፋልት፣ ሌላው ፎቅ ቤት፣ አጠገቤ የምትቀመጠው የሺ ደግሞ «ሰው ሁሉ የማይተዋወቅበት» አለች። የሺን ሁላችንም ተቆጣናት፤ በእሷ አባባል ከሄድን ቢቸና መውደቋ ነው። እኔ እንኳ ከትምህርት ቤት መልስ ጭቃ ላይ ስንሸራተት ካመሸሁ፣ ቤት ሳልደርስ እናቴ ወሬውን ሰምታ በር ላይ ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ። ለእኛ ግን ከቢቸና የሚበልጥ ከተማ አልነበረም፤ በገበያዋ ቀን ከብቱ የሚያስነሳው አቧራ ፀሐይ ይጋርዳል፣ ከደጀን የሚመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ሥራ የያዘ ሰው ሳይቀር ወጥቶ ይቀበላል፣ መስታወት በር ያለው አንድ ሱቅም ነበራት፤ እዚያ የምንሄደው ለመግዛት ሳይሆን ራሳችንን ለማየት ነበር።

ችግሩ ሞጣ ነበረች። ሞጣዎች ከተማቸውን ልክ እንደ እኛ ይወዳሉ፤ ይህን ደግሞ ልንታገሠው አልቻልንም። ስለዚህ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተስማምተው «ታላቋ ከተማ ማናት?» የሚል ክርክር ሞጣ ላይ ሲዘጋጅ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ምላሴ ምክንያት ተከራካሪነቱ ለእኔ ደረሰ። ከየሺ ጋር ስንት ቀን ስናጠና ከረምን፤ መዝጊያዋን ዓረፍተ ነገር የፈጠርናት ጊዜማ በደስታ ተቃቅፈን ዘለልን፤ «ሞጣ የገባ እንግዳ ጦሙን አድሮ ይወጣል!»

በአይሱዙ ጭነት መኪና ላይ ቆመን፣ ገመድ ጨብጠን፣ እየዘፈንን ወጣን። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን የሰኔ ዝናብ ወረደብን፤ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ቆመን ጠበቅን፣ ጎደለ ሲባል ደግሞ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ገፋን፤ ሞጣ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ እኛም ከፀጉራችን እስከ ጫማችን ውኃ ሆነናል። እናድርበታለን ያልነው ክፍል ጣሪያው አፍስሶ ወለሉ ኩሬ መስሏል። ጋሽ ዳንኤል ያን ፎጣቸውን እየጨመቁ ደረቅ ጥግ ፍለጋ ክፍሉን ዞሩት።

ወሬው በምን እንደደረሳቸው አላውቅም፣ የሞጣ ሴቶች ነጠላቸውን እየተከናነቡ ግቢውን ሞሉት። አንዷ «ሁለቱን ወንዶች ለእኔ!» ስትል ሌላዋ «ያቺን የምትንቀጠቀጠዋን ስጡኝ» እያለች ተሻሙብን። እኔና የሺ የጨርቅ ነጋዴ ባለቤት ለሆኑት ለእትዬ ዘይነባ ደረስን። ቤት እንደገባን እርጥብ ልብሳችንን አስወለቁና በባላቸው ጋቢ ጠቅልለው እሳት ዳር አስቀመጡን፤ ፀጉራችን እየተንጠባጠበበት ጋቢው በእሳቱ ሲተን የወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

እትዬ ዘይነባ ድስት ሊጥዱ ሲሉ ድንገት ቆሙ። «ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? እናንተ ጿሚ ናችሁ» አሉና፣ የእሳቸው ድስት ቅቤ የነካው ስለሆነ በዚያ ዝናብ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ዘንድ ሄደው የጾም ድስት ተውሰው መጡ። የሠሩልንን ሽሮ እያነሱ ጨመሩልን፣ እንቢ ብንልም ጨመሩልን።

በእኛ እድሜ ያለች ልጃቸው ሰዓዳ ከእናቷ ጀርባ ሆና ስታየን ቆየችና «ከእናንተ የምትከራከረው የትኛዋ ናት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት አፌን እንደሞላሁ።

«ከሞጣ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ተፋጠጥን። መጀመሪያ የሳቀችው የሺ ናት፤ ሽሮው ትን እስኪላት ሳቀች። ሦስታችንም አንድ አልጋ ላይ ተኛን፤ ሰዓዳ ሙቀቱን ለእኛ ትታ ጠርዙን ያዘች። «ነገ ግን አልምርሽም» አለችኝ። «እኔም» አልኳት፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደን።

ጠዋት እትዬ ዘይነባ በከሰል ካውያ የእኔን ቀሚስ ተኮሱ፣ ቀጥለው የልጃቸውን።

ሰዓዳ አልዋሸችም፤ የሞጣን ዛፍ፣ የሞጣን ገበያ፣ የሞጣን ሰው አንስታ አዳራሹን በጭብጨባ አናወጠችው። ተራዬ ሲደርስ እኔም ከብት ገበያውን፣ አውቶቡሱን፣ የመስታወት በሩን ደርድሬ መዝጊያዬ ላይ ደረስኩ። «ሞጣ የገባ እንግዳ...» ብዬ ቀና ስል ፊት ለፊት የተቀመጡት እትዬ ዘይነባ፣ ልጃቸው እኔ የሆንኩ ይመስል «አይዞሽ» በሚል ዓይን ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። «ሞጣ የገባ እንግዳ...» አልኩ ደግሜ። ረሳችው ብላ የተጨነቀችው የሺ ከኋላ ጮኸችልኝ፤

«ጦሙን አድሮ!»

እትዬ ዘይነባ ብድግ አሉ። «ያ አላህ! ያ ሁሉ ሽሮስ የት ገባ?»

ሳቁ ጣሪያውን ያነሣው መሰለኝ፤ እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «ይቺን ያጠናኋት እዚህ ሳልመጣ ነው፤ ትቅርብኝ! ሞጣ ረትታኛለች። ግን በሚቀጥለው ዓመት ቢቸና ኑና ደግሞ እናንተ ተረቱ!» እልልታው ቀለጠ። ዳኞቹ ለሞጣ ፈረዱ፤ ጓደኞቼ እስከ ደብረ ወርቅ አኮረፉኝ፣ ከደብረ ወርቅ ወዲህ ዘፈኑ አስታረቀን።

በዓመቱ ሞጣዎች መጡ። የቢቸና እናቶች ከማለዳ ጀምሮ ፍራሽ ሲያናፍሱ ዋሉ፤ እንግዳው ግን ለሁሉም አልበቃም። እናቴ ሰዓዳን ከነጓደኛዋ ስለወሰደች፣ አልጋ አንጥፋ ባዶዋን የቀረችው ጎረቤታችን እስከ መስከረም ድረስ አላናገረቻትም።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፤ እሰየው፣ ለዚያ መንገድ እናቶቻችን ተስለውለታል። ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ ከቢቸና ትምህርት ቤት ቡድን ጋር ሞጣ ኳስ ሊጫወት ሄዶ፣ ገና ሳይመሽ ከቤቱ ደውሎ ማሸነፋቸውን ሲነግረኝ ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ «ማን ቤት በላችሁ?» አልኩት።

ጥያቄው አልገባውም።

«መኪናው ውስጥ ነዋ፣ አክስቴ» አለኝ።