ጣሪያው ላይ የተጠራው ስም

ካሳዬ ያን ቀን ሲያነሳ «የጥምቀት ማግስት ነበር» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ራሱን ይጠራጠራል። «ወይስ ዋዜማው? ብቻ በረዶው ቶሮንቶን የቀበረበት ዓመት ነው፤ ጃንዋሪ 1999።» ጋሽ ሙሉነህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ያን ዕለት ስለሆነ፣ ቀኑ መጥፋቱ ይቆጨዋል።

ሁለቱ ቶርንክሊፍ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ የአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ጣሪያ ሊጠግኑ ወጥተው ነበር። ጣሪያው እንደ ሜዳ ጠፍጣፋ ነው፤ የለበሰው ጥቁር ጎማ ተሰንጥቆ ውሃ ያስገባል። በዚያ ብርድ ሙጫ አልይዝ ስለሚል ባልዲውን ቫኑ ውስጥ ማሞቂያ ሥር ያቆዩታል፤ ውርጩን በሙቅ አየር አድርቀው ቶሎ ይለጥፋሉ።

ሙሉነህ ሃምሳን ያለፈ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በረዶውን በመጥረጊያ እጀታ ሳይወጋ አንድ እርምጃ አይራመድም።

«ጋሽ ሙሉነህ፣ ጣሪያውን መርፌ እየወጉት ነው እንዴ? በዚህ አካሄድ ፋሲካ ይደርስብናል!»

«አንተ ወሬኛ፣ ሙጫህን ጠብቅ። ፍሪዝ ካደረገ ምላስህን ነው የምለጥፍበት።»

ካሳዬ ይቀልዳል እንጂ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ነበር። ታላቅ ወንድሙ አምሃ በ1982 ዓ.ም. ከሰሜን ግንባር አልተመለሰም። መርዶም አልመጣ፣ ወሬም አልመጣ። እናቱ፣ በደወለ ቁጥር «ጠየቅህ ወይ?» ትለዋለች። ቶሮንቶ ያገኘውን የቀድሞ ወታደር ሁሉ ፎቶ እያሳየ ጠይቋል። ሙሉነህንም ጠይቆት ነበር። እሱም ፎቶውን ብዙ አየና፣ «እኔ አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ፤ ግንባር አላየሁም» አለው።

ሙጫው ሲያልቅ ካሳዬ ሌላ ባልዲ ሊያመጣ ማንም ያልረገጠውን በረዶ አቋርጦ ወደ መሰላሉ ሄደ።

«ማኑ! ቁም! እንዳትረግጥ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከሙሉነህ ሰምቶ አያውቅም። አንድ እግሩን እንዳነሳ ደረቀ። ሙሉነህ እየወጋ ደረሰና እጀታውን ከካሳዬ ጫማ ፊት ሰደደው። በረዶው ተናደ። ሥሩ ያረጀ የፕላስቲክ ብርሃን ማስገቢያ ኖሯል፤ ተሰባብሮ ወደቀ። ከሩቅ ታች፣ ሰፊዎቹ ሴቶች አንጋጠው ጮኹ።

ካሳዬ ቀዳዳውን ረሳው። ማኑ የአምሃ የቤት ስሙ ነው። ከእናታቸውና ከካሳዬ በቀር በዚህ ስም የሚጠራው አልነበረም፤ እሱም ቶሮንቶ ውስጥ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። አምሃ ራሱ ካልነገረው ይህ ሰው ከየት ያመጣዋል?

«ምን ብለው ነው የጠሩኝ?»

የሙሉነህ ፊት አመድ መሰለ።

«ዱካዬን እየረገጥህ ውረድ» አለው፤ ዞሮም ቀድሞት ሄደ።

ካሳዬ መሰላሉ ዘንድ ሲደርስ፣ ሙሉነህ ጓንቱን እንኳ ሳያነሳ ወርዶ መንገዱን ተሻግሮ ነበር።

«ጋሽ ሙሉነህ! ጋሼ! ትንሽ ይጠብቁኝ!»

ማዶ ፌርማታው ላይ አንድ የከተማ ባስ ቆሞ በሩን ከፈተ። ሙሉነህ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው አየና ገባ፤ ባሱም ሄደ።